አናርኪስት ማን ነው?
(ባለፈው እትም ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ መልስ)

፩

ባለፈው እትማችን አንድ ጓዳችን የጻፈውን ሳታነቡ የቀራችሁ አይመስለኝም። ነገሩ የመረዳጃ ሣጥናችን ነው። ከየመኝታ ክፍሉ በወር 20 ብር እያዋጣን ዘመድ ለሞተበት መሳፈሪያ፣ ለታመመ መድኃኒት፣ ላጣ የማባዣ ገንዘብ የምንሰጥበት ሣጥን። ጓዳችን የሚለን፣ ሣጥኑ ወደ ቢሮ ይግባ፣ ማኅተም ይኑረው፣ ሰብሳቢውም ከላይ ይመደብ ነው። ይህን የማይቀበል «አናርኪስት» ነው ይላል። ከዚያም አገሩን በሙሉ ሣጥኑ ውስጥ ከትቶ፣ የኢትዮጵያ በሽታ የመንግሥት መላላት ነው፤ ጠንካራ ክንድ ከሌለ ሰው ሰውን ይበላል፤ ማስረጃ ከፈለጋችሁ ሻሸመኔን አስታውሱ ብሎ ይደመድማል።

ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ አይካድም። ብዙዎቻችን ሻይ ቤት ተቀምጠን የምንለውን ነው በወጉ ያሰፈረው። አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ሁሉም የሚለውን ነገር ማንም አይመረምረውም። እኔ ብዕር ያነሣሁት ለሣጥኑ ብቻ ብዬ አይደለም። «አናርኪስት» የሚለው ቃል በዚህ አገር ተራ ስድብ ሆኖ ስለማያውቅ ነው። ይህ ቃል አንድ ሰሞን የሞት ፍርድ ነበር።

፪ ቃሉና ሟቾቹ

እስቲ ቃሉን ከሥሩ እንያዘው። አናርኪያ ግሪክኛ ነው፤ «ገዥ የሌለበት» ማለት ነው። እኛ ወደ አማርኛ ስናመጣው «ሥርዓተ አልበኝነት» አልነው። ልብ በሉ! ግሪኩ የለም ያለው ገዥውን ነው፤ የኛ ተርጓሚ የለም ያለው ሥርዓቱን ነው። ገዥና ሥርዓት አንድ ናቸው ብሎ የወሰነልን ማን ነው? ማንም ተከራክሮ አልወሰነም፤ ትርጉሙ ወሰነልን። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያለ ያደገ አፍ፣ ገዥ የሌለበትን ሥርዓት የሚጠራበት ቃል ሳያበጅ ቀረ። ክርክሩ ሳይጀመር በመዝገበ ቃላት ተሸነፍን ማለት ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ። ከ1968 እስከ 1970 ዓ.ም. ጋዜጣውም ሬዲዮውም «አናርኪስት» ሲል ማንን ነበር? ኢሕአፓን ነበር። ኢሕአፓ ማን ነው? በ1964 ዓ.ም. በርሊን ላይ የተመሠረተ፣ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ራሱን ይፋ ያደረገ የማርክሲስት-ሌኒኒስት ፓርቲ ነው። «ዴሞክራሲያ» የምትባለው ልሳኑ መንግሥት ይጥፋ አላለችም፤ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ነበር የምትለው። ሌኒንን የሚያነቡ፣ ማዕከላዊነትን የሚሰብኩ፣ ከላይ ወደ ታች በሕዋስ የተደራጁ ልጆች ነበሩ። ይህች አገር እንግዲህ «አናርኪስት» እያለች በሺህ የሚቆጠሩ ልጆቿን ፈጀች፤ ከሟቾቹ መካከል እውነተኛ አናርኪስት ፈልጎ ማግኘት ግን ጭንቅ ነው።

ታዲያ ቃሉ ለምን አስፈለገ? መሳፍንቱንና ባላባቱን «አድሃሪ» ማለት ይቻላል። እነዚህ ግን ትናንት «መሬት ላራሹ» ብለው የጮኹ፣ ያንኑ ቀይ መጽሐፍ የያዙ ናቸው። በምን ስም ይገደሉ? ሌኒን በግራ በኩል የመጡበትን ተቃዋሚዎች የሚሰድብበት ቃል ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ነበር፤ አመጡት። ሕዝቡ ትርጉሙን አያውቀውም፤ ባያውቀውም ግድ የለም፤ ያልተረዱት ስድብ ይበልጥ ያስፈራል።

ቃሉን ያስፋፉት ደግሞ ወታደሮቹ ብቻ አልነበሩም። መኢሶን ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» ሰጥቶ፣ በሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት በኩል ከመንግሥት ጓዳ ገብቶ ነበር። የተማሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሐሳባቸውም መንግሥትን ከውስጥ ይዞ ለሕዝብ ማሠራት ነበር። «አናርኪስት» እያሉ ሌላውን ሲከሱ ከረሙ። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ጥለው ሲወጡ፣ ያው መንግሥት «ቀኝ መንገደኛ» የሚል ሌላ ስም አውጥቶላቸው አሳደዳቸው። መሪያቸው ኃይሌ ፊዳ ታስሮ ተገደለ። ኢሕአፓም ቢሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለም፤ የከተማ ታጣቂዎቹ የመኢሶንን ሰዎች ገድለዋል።

የሚያሳዝነው ምንድን ነው? ሁለቱም የተፋጁት መሪው ላይ ማን ይቀመጥ በሚል ነበር። መኪናው ራሱ ምን እንደሚሠራ፣ ማንን እየዳጠ እንደሚያልፍ የጠየቀ አልነበረም። መኪናው ሁለቱንም ዳጣቸው።

፫ ማኅተም ያገኘው ማኅበር

ጓዳችን «ማኅተም ይኑረው» ሲል ቀላል ነገር የጠየቀ መስሎታል። የአንድ ማኅተም ታሪክ ላጫውተው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ የገበሬ ማኅበራት እንዲቋቋሙ ታወጀ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተወለዱ። ቀበሌ የምንለው እንዲህ ነው የመጣው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወርደው ገበሬውን ያደራጁ ነበር። የኛው የተማሪዎች ታሪክ ነው፤ የሌላ ሰው አይደለም።

በወረቀት ላይ ቀበሌ ምን ነበር? ጎረቤት ጎረቤቱን የሚመርጥበት፣ ጥቃቅን ክርክር በራሱ ሸንጎ የሚዳኝበት፣ እስከ 100 ብር የሚከራዩትን ቤቶች ኪራይ ሰብስቦ ለሰፈሩ ልማት የሚያውልበት ማኅበር። የዚያን ጊዜው ደስታ የውሸት አልነበረም። ጭሰኛው መሬት አገኘ፤ የከተማው ድሃ ኪራይ ቀነሰለት። ይህን የሚክድ ታሪክ አያውቅም።

ሁለት ዓመት አልቆየም። በ1969 ዓ.ም. ቀበሌው ታጠቀ፤ የአብዮት ጥበቃ ጓድ አቋቋመ፤ እስር ቤት ከፈተ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትታሰስ የትኛው ቤት ስንት ልጅ እንዳለ፣ ማን እንደሚያመሽ፣ ማን ወረቀት እንደሚያነብ የሚያውቀው የቀበሌው ሰው ነበር። ይህን እውቀት ደርግ በየትኛውም ክፍለ ጦር ሊያገኘው አይችልም ነበር፤ የጎረቤት እውቀት ነው። ቡና ሲጠጣ፣ ለቅሶ ሲደረስ፣ ልጅ ሲላክ የሚገኝ እውቀት። ለመረዳዳት የተሰበሰበው እውቀት ወደ ላይ ሲሳብ ለመግደያ ዋለ። አስከሬን መንገድ ላይ ተጣለ፤ እናት እንዳታለቅስ ተከለከለች፤ ልጁን የገደለበትን የጥይት ዋጋ እንዲከፍል የተጠየቀ ቤተሰብ አለ።

ለምን እንዲህ ሆነ? «ደርግ ክፉ ስለነበረ» የሚለው መልስ ለሕፃን ይበቃል፤ ለተማሪ አይበቃም። የማኅበሩን አንገት ያነቁት ሦስት ገመዶች ናቸው ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ፣ ጠመንጃው ከላይ መጣ። ጠመንጃውን የሰጠ ዒላማውንም ይሰጣል።

ሁለተኛ፣ ተጠሪነቱ ዞረ። የቀበሌውን ሊቀ መንበር ጎረቤቶቹ መረጡት እንበል፤ የሚያስፈራው ግን ጎረቤቱ አይደለም፣ ከፍተኛው ነው። ከፍተኛውን የሚያስፈራው ደግሞ ከበላዩ ያለው ነው። ሹመቱን የሚያነሣበት ከላይ ስለሆነ ጆሮውም ወደ ላይ ዞረ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባለውም ሹሙ ከታች ለሚጠይቀው ሰው መልስ የመስጠት ግዴታ በሌለበት አገር ነው።

ሦስተኛ፣ እንጀራው በእጁ ገባ። ቤቱ የቀበሌ፣ መታወቂያው የቀበሌ፣ ስኳሩና ሳሙናው የቀበሌ ሱቅ። ወንጂ ሥር ተቀምጦ ስኳር በኩፖን! የሚኖርበትን ቤት፣ የሚበላውን እህል፣ ማንነቱን የሚያረጋግጥበትን ወረቀት አንድ ቢሮ ከያዘበት ሰው፣ ያንን ቢሮ ይቃወማል ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ። ቀበሌ ግን ወደቀ? አልወደቀም። ኢሕአዴግ ቁልፉን ተረክቦ በሩን አልነቀለውም። በኋላም «አንድ ለአምስት» ብሎ ከቀበሌ አልፎ እስከ ምድጃችን ወረደ። ለዓመታት መታወቂያችን ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረ፤ የሚሞላውም ያው የቀበሌው ጸሐፊ ነበር። ማኅተሙ ከሁሉም ገዥዎች ይበልጥ ዕድሜ አገኘ።

፬ አናርኪስቶቹ ምን አሉ?

እውነተኞቹ አናርኪስቶች ይህን ሁሉ ሳያዩ አስቀድመው ተናግረውት ነበር። ሩሲያዊው ባኩኒን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1872 በሄግ ጉባኤ ከዓለም አቀፉ የሠራተኞች ማኅበር ተባረረ። በማግስቱ ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ የማርክስን ወገኖች የሞገተው በዚህ ነበር፤ በሠራተኛው ስም ገዥ ወንበር ላይ የሚወጡ ሰዎች፣ ከወጡ በኋላ ሠራተኛ መሆናቸው ይቀራል፤ ዓለምን ከወንበሩ ከፍታ ማየት ይጀምራሉ። ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ወንበሩ ዓይን ስለሚለውጥ ነው።

በ1921 ደግሞ የክሮንሽታት መርከበኞች፣ አብዮቱን ከተሸከሙት ሁሉ ቀድመው የሚጠሩት እነሱ፣ ሶቪየቶች እንደገና በነፃና በምሥጢር ድምፅ ይመረጡ ብለው ጠየቁ። ቀይ ጦር በበረዶው ላይ ተሻግሮ ጨረሳቸው። ሶቪየት ማለት ሸንጎ ማለት ነው፤ የእነሱ ቀበሌ ነበር። የኛ አንጋፋዎች ሌኒን ስለ መንግሥትና አብዮት በ1917 የጻፈውን በደንብ አንብበዋል፤ ከአራት ዓመት በኋላ በክሮንሽታት ያደረገውንም እንዲሁ ቢያነቡት ኖሮ ስለ 1969 የሚነግራቸው ነገር ነበረው።

በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ሞስኮ አጠገብ የሞተው ክሮፖትኪን ሌላ ነገር ትቶልናል። መሬት አጥኚ ነበር፤ በሳይቤሪያ ሲዘዋወር ያየውን ይዞ በ1902 ስለ መረዳዳት መጽሐፍ አሳተመ። ክርክሩ አጭር ነው፤ እንስሳም ሰውም በሕይወት የቆየው ርስ በርሱ በመፋጀት ብቻ አይደለም፣ በመደጋገፍም ነው። ይህ እንግዳ ትምህርት ነው? ደቦ ወጥቶ የማያውቅ ገበሬ አለ? እድር የሌለው የአዳማ ሰፈር የት ነው? በዚህ አገር የሠራተኛ ማኅበር በሕግ ሳይፈቀድ በፊት ሠራተኞች በእድር ስም ይሰባሰቡ ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያለው ሰው ክሮፖትኪንን አላነበበም።

ግን እንጠንቀቅ፤ አገር በቀል ነገር ሁሉ ቅዱስ አይደለም። የእድር ዳኛም ይጨቁናል፤ መዋጮ ያጣ ድሃ ከእድር ይወጣል። የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከእጅ እንዲወጣ አድርጎ የሠራ ታላቅ የአስተዳደር ጥበብ ነው። አስመሮም ለገሠ በ1973 በአውሮፓ አቆጣጠር መጽሐፍ ጽፈውበታል፤ ዩኔስኮም በ2016 በቅርስነት መዝግቦታል። ይሁንና ሴቶችን ከሹመት አግልሏል፤ የእጅ ባለሙያዎችን ዝቅ አድርጎ አይቷል። ሴቶቹ ሲንቄ ይዘው በራሳቸው ተቋም መብታቸውን ባያስከብሩ ኖሮ ጎዶሎነቱ ይብስ ነበር። እኔ ከገዳ የምማረው አንድ ነገር ነው፤ ስለ ሥልጣን መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ይያዘው?» ሳይሆን «መቼ ይለቃል?» መሆኑን። ይህን ጥያቄ አዲስ አበባ ላይ የተቀመጠ የትኛው መንግሥት ነው ያለ ጠመንጃ የመለሰው?

፭ መንግሥት በስምጥ ሸለቆ ሲታይ

ጓዳችን ስለ «መንግሥት» ሲጽፍ እንደ ሰማይ ነው የሚያየው፤ የትም ያለ፣ ከየትም ያልመጣ። እኛ ግን የምንኖረው መንግሥት በምን በኩል እንደመጣ ዱካው በሚታይበት ሸለቆ ነው።

በባቡር መጣ። በግድብ መጣ፤ ቆቃ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በአገዳ መጣ፤ የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ጀመረ፤ ቀጥሎ መተሐራ ላይ። በዚያው ዘመን የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተከለለ። የከረዩ አርብቶ አደር በአንድ በኩል አገዳ፣ በሌላ በኩል የአውሬ ክልል ሆኖበት ከብቱን ይዞ መሐል ቆመ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ፋብሪካዎቹን ወረሰ፤ «የሰፊው ሕዝብ» ተባሉ። ለከረዩ መሬቱ ተመለሰለት? አልተመለሰም። ቀጥሎ የመጣው መንግሥት ደግሞ አገዳውን አስፋፋ። ንጉሡ ሄደ፣ ሊቀ መንበሩ ሄደ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ሄደ፤ አገዳው አለ። ይህን የሚያይ ሰው «ጥሩ መንግሥት ቢመጣ» ከማለቱ በፊት ለምን ሁሉም መንግሥታት አንድ አጥር እንደሚያጥሩ ቢጠይቅ ይፈረድበታል?

አርሲን እንጨምር። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. መንደር ምሥረታ ተብሎ ገበሬው ጎጆውን እያፈረሰ በመስመር እንዲሰፍር ተደረገ። ለምን በመስመር? ጄምስ ስኮት የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ባወጣው መጽሐፍ የኛንም መንደር ምሥረታ ከታንዛኒያው ጋር አንሥቶታል፤ ነጥቡ መንግሥት የሚወደው የሚቆጠር፣ የሚታይ፣ ግብርና ምልምል በቀላሉ የሚሰበሰብበት ሰፈር ነው የሚል ነው። ከማሳው የራቀው፣ ውኃ የራቀበት ገበሬ ምቾት አልታሰበም። በ1982 ዓ.ም. ደርግ ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ ሲላላ ገበሬው ምን አደረገ? ማንም ሳያዘው ጣራውን ተሸክሞ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ስብሰባ አልጠራም፤ መፈክር አላሰማም። ከጓዳችን «ጠንካራ ክንድ» ይልቅ የዚያ ገበሬ ትከሻ አገር ያውቅ ነበር።

የከተማችንስ ነገር? በ1992 ዓ.ም. የኦሮሚያ ዋና ከተማ ወደ አዳማ ይዛወር ተባለ። በ1996 ዓ.ም. ይህን የተቃወሙ ተማሪዎች ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባረሩ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሶ ይዛወር ተባለ። ትናንት ተማሪ የተባረረበት ሐሳብ ዛሬ የመንግሥት ውሳኔ ሆኖ ወጣ! ስሕተቱ ሐሳቡ አልነበረም ማለት ነው፤ ስሕተቱ ሐሳቡ ከታች መምጣቱ ነበር። የአዳማ አትክልት ሻጭ ግን ዋና ከተማ ስትሆንም፣ መሆኗ ሲቀርም ያው ፀሐይ ላይ ነች።

፮ ሻሸመኔ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ጓዳችን ሻሸመኔን አንሥቷል፤ ማንሣቱም ተገቢ ነው። ይህን ሳይመልስ ስለ ባኩኒን የሚያወራ ሰው አይሰማ።

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። በተከታዮቹ ቀናት በሻሸመኔ፣ በባቱና በሌሎች ከተሞች ሰው በማንነቱ ተለይቶ ተገደለ፣ ቤትና ሆቴል ነደደ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት 123 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል፤ በሁከቱ ተሳታፊዎች የተገደሉም፣ በጸጥታ ኃይሎች ጥይት የሞቱም አሉበት። ለሪፖርቱ የተሰጠው ርእስ ራሱ መንግሥት ያለ አልመሰለንም የሚል ስሜት ያለው የተጎጂዎች ቃል ነው።

ጓዳችን ይህን ይዞ «አያችሁ? መንግሥት ሲጠፋ ይኸው ነው» ይላል። እስቲ ቀስ እንበል። መንግሥት ጠፍቶ ነበር? ፖሊስ ጣቢያው አልተዘጋም። ጠመንጃው በግምጃ ቤት ነበር። ስልኩ ይጠራ ነበር። ሪፖርቱ እንደሚለው ለእርዳታ የጮኹ ሰዎች ያገኙት መልስ ከበላይ ትእዛዝ አልመጣም የሚል ነበር። ትእዛዝ አልመጣም! ይህ የመንግሥት አለመኖር አይደለም፤ መንግሥት ነው፣ ከነሙሉ አሠራሩ። የሰፈር ሰው ራሱን የሚጠብቅበትን መንገድ ሁሉ «የኔ ሥራ ነው» ብሎ ወስዶ፣ ቀኑ ሲመጣ ወደ ላይ አንጋጦ ትእዛዝ የሚጠብቅ ተቋም። ጓዳችን የሚፈልገው ጠንካራ ክንድ ይኸው ነበር፤ ክንዱ ከጎረቤት ጋር አልተያያዘም፣ ከላይ ካለ ራስ ጋር እንጂ።

የዳኑት እንዴት ዳኑ? ጎረቤት ጓዳው ደብቋቸው፣ ሽማግሌ በር ላይ ቆሞላቸው የዳኑ አሉ። የደበቀው ሰው ትእዛዝ አልጠበቀም።

እውነቱን እንነጋገር፤ የጎረቤት ጓዳ ሁሉንም አላዳነም፤ ሊያድንም አይችልም ነበር። ከገዳዮቹ መካከልም ጎረቤት ነበረ። ሰው ያለ ገዥ ሲቀር መልአክ ይሆናል የሚል ካለ እኔ ከእሱ ጋር አይደለሁም። ሰው ክፉም ደግም ነው። ነገር ግን ይህ ለማን ክርክር ይጠቅማል? ሰው ክፉ ከሆነ፣ ከሰዎች መካከል ጥቂቱን መርጠን፣ የሁሉንም ጠመንጃ አስይዘን፣ ማንም እንዳይጠይቃቸው አድርገን ማስቀመጥ ምን ዓይነት መድኃኒት ነው?

ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ሌላም ታየ። ኅዳር 22 ቀን 2014 ዓ.ም. በፈንታሌ ወረዳ 14 የከረዩ የገዳ አባላት፣ ጂላ የሚባሉት፣ ተገደሉ። መጀመሪያ በታጣቂ ቡድን ተላከከ። ኮሚሽኑ መርምሮ ግን ግድያውን የመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ፈጽመውታል ብሎ ለማመን የሚያስችል በቂ ምክንያት እንዳለ አስታወቀ። በሻሸመኔ ለነፍስ አድን ያልደረሰው ጠመንጃ በፈንታሌ ደረሰ። የተገደሉትም በየ8 ዓመቱ ሥልጣን የሚያስረክበው ሥርዓት ሰዎች ነበሩ። ቢሾፍቱንስ ማን ይረሳዋል? መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በኢሬቻ በዓል ላይ አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ፣ ሕዝብ በግርግር ተረጋግጦ፣ ገደል ገብቶ አለቀ። ሳምንት ሳይሞላ መልሱ ምን ሆነ? የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ። የመንግሥት መድኃኒት ሁልጊዜ ተጨማሪ መንግሥት ነው።

፯ እንግዲህ ምን ይሁን?

«ነገ ጠዋት መንግሥት ይፍረስ» የሚል አላልኩም። ባኩኒንም ይሁን ክሮፖትኪን የስምጥ ሸለቆን ጉዳይ ጨርሰውልን አልሄዱም። እኔ የምለው ያነሰ ነው፤ ያነሰ ስለሆነም ማምለጫ የለውም። ጎረቤት ከጎረቤት፣ ተማሪ ከተማሪ የሠራውን ነገር በገዛ እጃችን ወደ ላይ አናስረክብ። የተረከበ አይመልስም፤ ቀበሌ አልተመለሰም።

ስለዚህ ማንኛውም ማኅበር፣ እድርም ይሁን የተማሪ መማክርት ወይም የኛ ሣጥን፣ በሦስት ጥያቄ ይፈተን። ሰብሳቢውን ማን ይሽረዋል? ስለ አባላቱ የሚያውቀውን ለማን ይናገራል? እርዳታውን ሰው አፉን እንዲዘጋ ማስፈራሪያ ሊያደርገው ይችላል? ሦስቱ ገመዶች እነዚህ ናቸው። መልሱ «ቢሮው» የሆነበት ቦታ ሁሉ ማኅበሩ ሞቷል፤ ማኅተሙ ብቻ ነው የሚቀረው።

ለሣጥኑ የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው። ገንዘብ ያዡ በየሴሚስተሩ ይለወጥ፤ ሁለት ጊዜ በተከታታይ አይመረጥ። የመረጠው ስብሰባ በማንኛውም ቀን ሊያነሣው ይችል። ሒሳቡ በየወሩ ለሁሉም ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ የተረዳው ሰው ስም ግን አይነበብ፣ ለማንም ቢሮም አይተላለፍ። ማዋጣት ያቃተው አባል አይውጣ፤ ሣጥኑ የተሠራው ለእሱ ነው። ሴት ተማሪዎች ከገንዘብ ያዦቹ ግማሹን ይያዙ፤ የገዳን ጎዶሎ እኛ አንድገመው። ይህ ሥርዓት ነው ወይስ ሥርዓተ አልበኝነት? ጓዳችን ራሱ ይፍረድ። ቢሮ ከሚሰጠን ደንብ ይበልጥ ደንብ አለው፤ የሌለው ጌታ ብቻ ነው።

«ማኅተም ከሌለው ይሰረቃል» የሚል አይጠፋም። ሊሰረቅ ይችላል። 20 ብር የሚሰርቅ ልጅ ግን አብሮን ይተኛል፣ አብሮን ይበላል፤ በስብሰባ መሐል አስነሥተን እንጠይቀዋለን። ማኅተም ያለው ሲሰርቅ ማን ያስነሣዋል? የመሥሪያ ቤቱን በር እንኳ አናውቀውም።

ጓዴ፣ ስለ ቃሉ የመጨረሻ ነገር ልበልህ። በሚቀጥለው ጽሑፍህ ከእኔ ጋር አልስማማም በል፤ ተሳስተሃል በል፤ ሞኝ ነህ ብትለኝም አልቀየምም። «አናርኪስት» ብለህ ግን ዝርዝር አታውጣ። በዚህ አገር ስምና ዝርዝር አንድ ላይ ሲወጡ ምን እንደሚከተል ከኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች አይተውታል። አንተም እኔም ስማቸውን የማናውቃቸው፣ ዕድሜያቸው ከኛ ያነሰ ብዙዎች፣ በዚያ ቃል ሥር ተቀብረዋል።

ስብሰባው ቅዳሜ ነው። መጥተህ ተከራከረኝ። የጽሑፍ መልስ ካለህም ጻፍ፤ ስቴንስሉ አላለቀም።